ያላነበበችው ገጽ

በለጥሽ ክፉ ነገር ቀድሞ የሚታያት ሴት ናት። ልጇ ሄራን ከትምህርት ቤት ሩብ ሰዓት ከዘገየች ገደል ገብታለች ማለት ነው። ባሏ ዳልጮ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ ከርሞ ለመስቀል ነው የሚመጣው፤ በመሀል ደብዳቤው ከዘገየ ቤት ተደርምሶበታል። ውሻው ከጮኸ ሌባ መጥቷል፣ ዝም ካለ ደግሞ ሌባው መርዞታል።

«እማ፣ ዛሬ ማን ሞተልሽ?» ትላታለች ሄራን ደብተሯን እያስቀመጠች።

«አንቺ ነበርሽ። መጣሽ፣ ተረፍሽ።»

በለጥሽ በዚህ አታፍርም። ቀድማ ያሰበችው ክፉ ነገር ደጇን አልፎ የሚሄድ ይመስላታል። እስከ ዛሬ የደረሰባት መከራ ሁሉ ሳታስበው የመጣ ነው፤ ስለዚህ ሳይታሰብ የሚቀር እንዳይኖር ትጠነቀቃለች።

በ1989 ታኅሣሥ ላይ ተከራይዋ ክብሩ ወረቀት ይዞ ወደ ጓዳዋ በገባ ጊዜም እንደ ልማዷ አሰበች። መንግሥት መሬቱን ሊወስድ ይሆናል አለች በልቧ። እሱ ራሱ ታሞ ይሆናል። ወይ ሥራውን ለቆ ሊሄድ ነው፣ የፊተኛው ክፍል ባዶ ሊቀር ነው። ዳልጮ ላይ አንድ ነገር ደርሶ እሱ ሊያረዳት ተልኮ ይሆናል። ብዙ አሰበች፤ የሆነውን ግን አላሰበችውም።

ክብሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ እንደ ጨረሰ አርባ ምንጭ ሴቻ ካለ የምርምር ጣቢያ ተቀጠረና፣ ሥራው እንሰት ላይ ስለሆነ፣ እንሰት ደግሞ የደጋ ተክል ስለሆነ፣ ከጨንቻ ወረድ ብላ በተቀመጠችው በዚህች ቀበሌ ክፍል ተከራየ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል፣ ሰኞ በጣቢያው መኪና ይመለሳል። ሲመጣ በለጥሽን «እርስዎ» ነበር የሚላት። ከጥቅምት ወዲህ ግን «አንቺ» ሆነች፣ እትዬም ሆነች።

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ «ከጓሮሽ የታችኛውን እርከን ለሙከራ ፈልጌው ነበር» አላት። «አርባዎቹን እንሰት።»

«ምን ልታደርጉት?»

«አጠውልግን ልናጠና። መንግሥት ለዚህ ገንዘብ መድቧል።»

በዚያ አገር አጠውልግን የማያውቅ የለም። የእንሰቱ የመሀል ቅጠል ቢጫ ይሆንና እንደ ተሰበረ ክንድ ይንጠለጠላል። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ጓሮው አለቀ። እንሰት ደግሞ ዛሬ ተክለው ነገ የሚበሉት ነገር አይደለም፤ አምስት ስድስት ዓመት ይጠበቃል። አንድ ጓሮ ጠፋ ማለት ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ በዚያ ቤት እንሰት ተፍቆ ቆጮ አይበላም ማለት ነው።

«የእኔ ጓሮ አጠውልግ አያውቅም።»

«ለዚያ ነው የፈለግሁት። ጤነኛ መሆን አለበት። መርፌ እንወጋዋለን።»

«የምን መርፌ?»

ክብሩ ትንሽ ዝም አለ። በኋላ በለጥሽ ያችን ዝምታ ስንት ቀን እያነሳች እንደ ጣለቻት እሷ ናት የምታውቀው።

«መከላከያ ነው» አላት። «የልጆች ክትባት በይው።»

ወረቀቱ ሁለት ቅጠል ነበር፣ በሽቦ የተያያዘ። ፊተኛውን ገልብጦ ኋለኛውን ሰጣት። ከታች መስመር ተሠምሮበታል። «እዚህ ጋ ትፈርሚልኛለሽ። የፊተኛው የቢሮ ነገር ነው፣ አያስፈልግሽም።»

አሁን ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። በለጥሽ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አርባ ምንጭ ተቀምጣ የጨረሰች ሴት ናት። በቀበሌው ደብዳቤ የሚመጣለት ሰው ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሚላከው ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ ከሆስፒታል የተጻፈ ወረቀት፣ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። በአማርኛ ታነበዋለች፣ በጋሞኛ ትነግራቸዋለች። ሰው ሳያነብ ሲፈርም ስታይ ትቆጣለች። እሷ ራሷ የዱቄት ከረጢት ላይ ያለውን እንኳ ሳታነብ አታልፍም።

ዓይኗ ወደ ፊተኛው ገጽ ሄዶ ነበር። ነገር ግን ጥቅምት ትዝ አላት።

ጥቅምት ላይ ሄራን አባያ ዳር ሙዝ የሚያለማ አጎቷ ዘንድ ሰንብታ ወባ ይዛት ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ሰው መለየት አቃታት። ዝናብ ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ነበር፣ መኪና አልነበረም። ክብሩ ልጅቷን በጀርባው አዝሎ ዋናው መንገድ ድረስ አንድ ሰዓት ወረደ። ከዚያ የጣቢያውን መኪና አስቁሞ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አደረሳት። ግሉኮሱ እስኪያልቅ በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ዶክተሩ፣ «ወንድሟ ነህ?» ቢለው፣ «አዎ» አለ። አብራ የሄደችው በለጥሽ ይህን በጆሮዋ ሰምታለች።

ይህን ያደረገ ልጅ ፊት ወረቀት ገልብጦ ማንበብ ነውር መሰላት። ፈረመች።

«ምስክር ያስፈልጋል» አለ ክብሩ። ምስክሩ ከአጥር ማዶ ያለው ሽማግሌው ኤርጫፎ ሆነ። ኤርጫፎ ፊደል አያውቅም። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ከማድረጉ በፊት በለጥሽን አያት።

«አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ጣቱን አሳረፈ።

ጥር አጋማሽ ላይ ክብሩ ከሁለት ሠራተኞች ጋር መጥቶ የታችኛውን እርከን በቀርከሃ አጠረው። አርባዎቹን እንሰት አንድ በአንድ ወጋቸው። መርፌው እውነተኛ የሐኪም መርፌ ነበር። ውስጡ ያለው ውኃ ደብዘዝ ያለ፣ የሩዝ እጣቢ የመሰለ ነው። በለጥሽ ቆማ ተመለከተች። እንሰቶቿ ሲወጉ ሄራን ሕፃን ሆና ጤና ጣቢያ ክንዷን ስትወጋ የተሰማት ዓይነት ነገር ተሰማት፤ ስስትም፣ እፎይታም።

«ከዚህ አጥር ምንም እንዳይወጣ፣ ምንም እንዳይገባ» አላት ክብሩ። «አደራ፣ እትዬ።»

ለምን አላለችውም። ቆጠራው እንዳይበላሽበት መስሏት ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የኤርጫፎ ምራት ጽጌሬዳ መጣች። ጽጌሬዳ ለመስቀል የተሞሸረች ገና ልጅ ናት፤ ባሏ በርናባስ ይባላል፣ ጸሎት ቤት ከበሮ የሚመታው እሱ ነው። አማቷ ኤርጫፎ ከቤቱ ጀርባ ቦታ ሰጥቷት የራሷን ጓሮ ልትጀምር ነው። በእነርሱ መንደር አዲስ ሙሽራ የመጀመሪያ ችግኟን በራሷ ቢላ አትከረክምም። ጓሮዋ ታሞ የማያውቅ ጎረቤት ትመረጣለች። እሷ በገዛ ቢላዋ የእያንዳንዱን ችግኝ ሥርና ቅጠል ቀንጥባ ታቀብላለች፣ ሙሽራዋ ትተክላለች። ጤና በቢላ ይሄዳል ይላሉ።

«አክስቴ፣ የአንቺን ቢላ ፈልጌ ነው» አለች ጽጌሬዳ፣ መሬት መሬት እያየች።

«የእኔን? የላይኛው መንደር እነ ወይዘሮ ጉታ እያሉ?»

«እንሰቱ አንድ ዓመት ታሞባቸው ነበር ብላለች አማቴ። ደግሞ የአንቺ ጓሮ መንግሥት እንኳ መርጦታል ይባላል።»

በለጥሽ በዚህ ደስ አላት፤ ደስታውን ለመደበቅ፣ «መንግሥት ምን ያውቃል» አለች። ቢላውን ልታመጣ ገባች። ከዚያ አንድ ነገር በሐሳቧ መጣ። ችግኞቹ ጤነኛ ናቸው፣ ግን መከላከያ አልተወጉም። ነገ አጠውልግ ቢመጣ የእሷ አርባ ይተርፋል፣ የዚች ልጅ ያልቃል። ክፉውን ቀድማ አሰበችው ማለት ነው።

በቀርከሃው አጥር ሾልካ ገባች። ቅጠል አልቆረጠችም፣ ችግኝም አልነቀለችም፤ ክብሩ የከለከለው እሱን መስሏት ነው። ቢላዋን ብቻ ከተወጋው እንሰት ግንድ ውስጥ ሰካ አድርጋ አወጣችው። ወደ ሁለተኛው ሄደች፣ ወደ ሦስተኛው ሄደች። ቢላው ረጠበ። እንዳይደርቅ ቅጠል ጠቀለለችበት፣ አጥሩን ተሻግራ ሄደችና የጽጌሬዳን ሠላሳ ሁለት ችግኝ በዚያ ቢላ አንድ በአንድ ከረከመች። በርናባስ እየቀለደ፣ «አክስቴ፣ በቀስታ፣ ጢማቸውን አትላጪያቸው» ይል ነበር። ኤርጫፎ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መረቃት።

የካቲት አጋማሽ ላይ በታችኛው እርከን የመጀመሪያው ቅጠል ተሰበረ። በለጥሽ ጧት ወጥታ አየችው። ሮጣ የክብሩን በር መታች።

ክብሩ ወርዶ አየ። ከዚያ ደብተሩን አወጣ፣ ቁጥር ጻፈ፣ ወደሚቀጥለው እንሰት ሄደ። ፊቱ ላይ ድንጋጤ አልነበረም። የፈተና ውጤቱ እንደ ጠበቀው የመጣለት ተማሪ ይመስል ነበር። በለጥሽ ያንን ፊት አየች፣ ተረዳችውም ማለት ይቻላል፣ ግን ለራሷ አልነገረችውም።

«ክትባት ሲገባ ልጅ ያተኩሰው የለ?» አላት ሳይጠየቅ። «እንደዚያ ነው። የሚቋቋመው ይድናል፣ ያኔ የትኛው ዝርያ ብርቱ እንደሆነ እናውቃለን።»

«ታዲያ የማይድነውስ?»

«እንተካልሻለን። ወረቀቱ ላይ አለ።»

ሄራን አፏን ይዛ ሳቀች። «እማ፣ እንሰት እንኳ ትኩሳት ያዘው ብለሽ ልታለቅሺ ነው?» የእናቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋን አቆመች።

ሚያዝያ ላይ ጽጌሬዳ መጣች። በእጇ አንድ ቅጠል ይዛለች። ቅጠሉን ብቻ አሳየቻት። ቢጫ ነው፣ መሀሉ ተሰብሯል።

«ስንቱ?» አለች በለጥሽ።

«ሃያ ስድስት። ስድስቱ ገና ቆመዋል።» ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔ አልቻልኩበትም መሰለኝ። እጄ ክፉ ነው ትላለች አማቴ። በርናባስም ትናንት አላናገረኝም።»

በለጥሽ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ክብሩ ከመስክ እስኪመለስ ደጁ ላይ ጠበቀችው፤ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ነገረችው። ቢላዋን ከእሱ እንሰት ነክራ እንደ ወሰደች፣ ለምን እንደ ወሰደች፣ የስንቱን ችግኝ ሥር እንደ ነካች። መከላከያው ለልጅቷም እንዲደርስ ብላ እንደሆነ ስትነግረው የክብሩ ፊት አመድ መሰለ። በደጁ ግንድ ላይ ተቀመጠ።

«አትንኪ ብዬሽ ነበር» አለ።

«መከላከያ ነው ብለኸኝ ነበር።»

ከላይ ያለው መንገድ ላይ ሰው በቅሎ እየነዳ አለፈ።

«በሽታው ነው የተወጋው» አለች በለጥሽ። መጠየቋ አልነበረም። «እጅህ ላይ ይዘኸው የነበረው በሽታው ነው።»

«ሳይታመም ማን እንደሚቋቋም አይታወቅም፣ እትዬ። በዓለም ሁሉ እንደዚህ ነው የሚሠራው። ተክሉን አሳምመን ነው የምናየው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትፈቅጂልኝ ነበር?»

«አልፈቅድም ነበር።»

«አየሽ» አላት፣ እንደ ረታ ሰው።

ከዚያ ሌላውንም ነገራት፤ ካወጣው በኋላ ማቆም ያቃተው ይመስል ነበር። ከእሷ በፊት ሰባት ቤት ጠይቋል። ለሰባቱም እውነቱን ነግሯል። ሰባቱም አጥራቸውን ዘግተውበታል። ጣቢያው ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ሙከራው በገበሬ ጓሮ ካልተጀመረ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል ብሎታል። ስምንተኛዋ እሷ ናት።

በለጥሽ አንድ ጥያቄ ምላሷ ላይ መጣ። ሄራንን ያዘለው ዕለት ይህን ጓሮ አስቦት ነበር ወይ? አልጠየቀችውም። መልሱን ፈራችው፤ አዎ ቢልም፣ አይደለም ቢልም አታምነውም ነበር።

ክብሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሙስ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ገንዘቡን ከሚፈቅደው መሥሪያ ቤት፣ ለቁጥጥር። ባለይዞታዋ ተነግሯት ነው ወይ የፈረመችው ብለው ይጠይቁሻል። ተነግሮኛል በያቸው። አንድ ቃል ናት። እነሱ ከሄዱ የሁለተኛው ዓመት በጀት ይለቀቃል። ለአንቺም ለጽጌሬዳም ንጹሕ ችግኝ አመጣለሁ፤ የታመመውንም ሠራተኞቹ ነቅለው ይቀብሩታል። አለዚያ ሁሉም ይቆማል። እኔም እባረራለሁ።»

«የቢላውን ነገርስ?»

«እሱን ማን ያውቃል? እኔ አልናገርም።»

«ጽጌሬዳ እጇ ክፉ እንደሆነ ይቀራላ።»

«እትዬ» አለ ክብሩ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «እኔ ልጅሽ አይደለሁም?»

«ልጄ ብትሆንማ አሁን በጥፊ ብዬህ ነበር» አለችና ገባች።

እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ነበራት። ሦስቱንም ቀን ክፉውን ከክፉ ስታመዛዝን ዋለች። ዝም ብትል ችግኙ ይመጣል፣ ጓሮው ይጸዳል፣ ሽማግሌውም በእሷ ንባብ እንደ ታመነ ይኖራል። ያች ልጅ ግን በገባች በዓመቷ እጀ ክፉ ተብላ ትቀራለች። በዚያ መንደር እጀ ክፉ የተባለች ሴት ችግኝ አይሰጧትም፣ እንሰት ሲፋቅም አይጠሯትም። ብትናገር ደግሞ፣ «አንብቤዋለሁ» ማለቷ ይወጣል። ለሽማግሌው፣ ለበርናባስ፣ ደብዳቤ ላነበበችለት ሰው ሁሉ።

ሐሙስ መኪናው ታች ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ሰው ገፍቶ አወጣው። ሁለት ሰዎች ወረዱ። ዶክተር ተክለጻድቅ የሚባሉት ጠና ያሉ ሰው ወዲያው ወደ እርከኑ ወረዱ፤ እንሰቶቹን ቆጠሩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ከታች በጉም መሀል የሚታየውን አባያንም አብረው አነሱት። ወይዘሮ አይዳ የምትባለው ሴት ግን ጫማዋን አራግፋ ደጅ ተቀመጠች፣ ከቦርሳዋ ወረቀቱን አወጣች። ሁለቱ ቅጠል፣ በሽቦ የተያያዘው። ክብሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከኋላዋ ቆመ። ኤርጫፎም ምስክር ነውና ተጠርቶ መጣ፤ ጽጌሬዳና በርናባስ አጥሩ ላይ ቆመዋል።

«ወይዘሮ በለጥሽ፣ ይህን ላንብብልዎ፤ ያውቁታል እርግጥ» አለች አይዳ። የፊተኛውን ገጽ ማንበብ ጀመረች። «በጓሮዬ በሚገኙ አርባ እንሰቶች ላይ የአጠውልግ በሽታ ሆን ተብሎ በመርፌ እንደሚገባ በቋንቋዬ ተነግሮኛል። ወደ ሙከራው ቦታ የገባ ቢላ በእሳት ሳይቃጠል ሌላ እንሰት ቢነካ በሽታውን እንደሚያሻግር ተነግሮኛል። በሽታው ወደ ጎረቤት ቢዛመት ለማን እንደማመለክት ተነግሮኛል።»

አንድ ገጽ ነበር። በአማርኛ የተጻፈ፣ ጉልህ ሆኖ የታተመ። የአራተኛ ክፍል ልጅ ያነበዋል። ለማንበብ የሁለት ደቂቃ ነገር ነበር።

«ይህ ተነግሮዎታል?»

ክብሩን አላየችውም። ኤርጫፎን ነው ያየችው።

«አልተነገረኝም» አለች። «መከላከያ ነው ተብዬ ነው የፈረምኩት። የፊተኛውንም ገጽ አላነበብኩትም። ጋሼ፣ አንብቤዋለሁ ያልኩዎ ውሸቴን ነው።» ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረች። የሚቀጥለውን በጋሞኛ ተናገረች፣ ልጅቷ አንድም ቃል እንዳያመልጣት። ቢላዋን የት እንደ ነከረችው፣ ለምን እንደ ነከረችው። «የአንቺ እጅ አይደለም» አለቻት። «የእኔ ቢላ ነው።»

በርናባስ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ መሬቱን። ኤርጫፎ አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ሲያሻሽ ቆየ።

«ሰባት ዓመት ደብዳቤዬን አንብበሻል» አላት በመጨረሻ። «አሁን የትኛውን አንብበሽ የትኛውን እንዳላነበብሽ በምን ልወቅ?»

አይዳ ሁሉንም ጻፈች። ስትነሳ የበለጥሽን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «እውነቱን ስለ ነገሩን እናመሰግናለን። ቁጥጥር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መሥሪያ ቤታችን አይተዋችሁም» አለቻት። እጇ ሞቃት ነበር። በለጥሽ አመነቻት። ይህንንም በኋላ አልረሳችውም፤ አንዱን ክፋት ገና ሳትጨርስ ሁለተኛውን ሰው ማመኗን።

ክብሩ በዚያው መኪና ወረደ። ፍራሹና መጻሕፍቱ ክፍሉ ውስጥ ቀሩ። ሚያዝያ አለቀ፣ ግንቦት አለቀ። ነቅሎ የሚቀብር ሠራተኛ አልመጣም። በታችኛው እርከን ሠላሳ አራቱ ወደቁ፣ በሽታውም ወደ ላይኛው እርከን መውጣት ጀመረ። ከሄዱት ሰዎች ዘንድ አንድ ወሬ አልተሰማም።

ሰኔ ሲገባ በለጥሽ መጠበቁን ተወች። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ራሷ ጓሮ አልነበረም፤ መቆፈሪያዋን ይዛ ወደ ጽጌሬዳ ሄደች። ሳትጠየቅ የታመሙትን መንቀል፣ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ጽጌሬዳ መቆፈሪያ ይዛ መጣችና ከማዶ ቆፈረች። ኤርጫፎ በርጩማውን አውጥቶ ተቀምጦ ይመለከታል።

ክብሩ የመጣው በዚያን ዕለት ነው። መኪናው ከላይ መንገዱ ዳር ቆሟል። ሄራን ወደ ጽጌሬዳ ጓሮ ይዛው መጣች፤ ሰላም አላለችውም።

«ዕቃዬን ልወስድ ነው» አለ። «ይህ ደብዳቤም ለእርስዎ ነው። የመረከቢያ ፊርማ ብቻ።»

እርስዎ አላት። በለጥሽ ጭቃ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተቀበለችው። ሦስት ገጽ ነው። ክብሩ የመጨረሻውን ገልብጦ ሊያሳያት እጁን ዘረጋ፤ የሄራን ዓይን ሲያርፍበት መልሶ ሰበሰበው።

«ምን ይላል?» አለ ኤርጫፎ ከበርጩማው። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ያናገራት የመጀመሪያው ቃል ነበር።

በለጥሽ ጉድጓዱ ዳር ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች፣ ከላይ ካለው ቀንና ቁጥር። አንድ መስመር በአማርኛ ታነባለች፣ በጋሞኛ ትመልሰዋለች፤ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ፕሮጀክቱ ስምምነቱ ባለመሟላቱ እንዲቋረጥ ተወስኗል ይላል። ተመራማሪው ምክር ተሰጥቷቸው ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውረዋል ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ግን አላቆመችም። «በሽታው ወደ ጎረቤት ጓሮ የተሻገረው ባለይዞታዋ መመሪያ ጥሰው በተበከለ ቢላ በመጠቀማቸው መሆኑን በራሳቸው አንደበት ያረጋገጡ ስለሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ የወደመውን የመተካትም ሆነ ቦታውን የማጽዳት ኃላፊነት የለበትም።»

ይህንንም በጋሞኛ መለሰችው፤ አንድም ቃል አልዘለለችም።

ከላይ መኪናው ጥሩንባ ነፋ።

«ሹፌሩ ይቸኩላል» አለ ክብሩ።

«ይጠብቅ።»

ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች መስመር ተሠምሮ፣ «ከላይ የተጻፈውን አንብቤ ተስማምቻለሁ» ይል ነበር። እስክሪብቶውን ከክብሩ እጅ ወሰደች። «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሠረዘችው። ከሥሩ በትምህርት ቤት በተማረችው ጥሩ የእጅ ጽሕፈቷ፣ «አንብቤዋለሁ። ታኅሣሥ ላይ ግን አልተነገረኝም» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ክብሩ አየው። «እንዲህ ከሆነ አይቀበሉኝም» አለ።

«ልጄን ስታዝል ዶክተሩ ወንድሟ ነህ ሲልህ ያልከውን አስታውሰዋለሁ» አለችው። «እሱን እንኳ ትተህልኝ ብትሄድ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን እሱም አልቀረልኝም።»

ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። ሄራን ፍራሹን ለመሸከም አልረዳችውም፤ ቆማ ሲሸከም አየችው።

ኤርጫፎ በርጩማውን አንሥቶ ወደ ቤት ሊገባ ሲል ቆም አለ። «ደኅና አድርገሽ አነበብሽው» አለ። ሌላ ነገር የሚጨምር መስሏት ጠበቀች። አልጨመረም።

ጉድጓዱ ገና ወገብ አልደረሰም ነበር። በለጥሽ ቢላዋን ከመቀነቷ አውጥታ ከተነቀሉት እንሰቶች መሀል ጣለችውና መቆፈሪያዋን አነሳች። ጽጌሬዳ ከማዶ ሆና ቢላው ሲወድቅ አየች።

«አክስቴ» አለች ቆየት ብላ፣ ድምፅዋን ሳታከርር፣ «መሬቱ አርፎ ችግኝ ሲገኝ ቢላ ከላይኛው መንደር ነው የምለምነው።»

«እሱ ነው የሚሻልሽ» አለች በለጥሽ፤ መቆፈሯንም ቀጠለች።